የጥቅምት ማር፣ የሰኔ ማር

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ጠጅ ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚቀርብለት ምርጫ ሦስት ነው፤ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ጥንካሬ ነው። ለስላሳው ማሩ ገና ያልተበላ ነው፤ በደረቁ ውስጥ እርሾው ጣፋጩን አሟጦ ወደ አልኮል ቀይሮታል፤ መካከለኛው በሁለቱ መሀል ነው። ማሩ ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደተቆረጠ፣ ንቧ የትኛውን አበባ እንደቀሰመች የሚጠይቅ ደንበኛ ብርቅ ነው። እዚህ የማስተዋውቀው ጠጅ ቀማሽ ግን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቀማሽ ስል ምስክር ወረቀት የተሰጠው ባለሙያ ማለቴ አይደለም። የወይን ቀማሽ በሌላው ዓለም ትምህርት ቤትና ፈተና አለው፤ ዳኝነቱን በነጥብ የሚጽፍበት መጽሔትም አያጣም። እኛ ዘንድ ሙያው ያለው በጠጅ ጣዮች ምላስ ላይ ነው። ድግስ ባለበት ቤት ጋኑ ሲከፈት አስቀድማ የምትቀምስ ሴት አለች፤ «ደርሷል» ወይም «ሁለት ቀን ይቆይ» የምትለው እሷ ናት፤ ቃሏንም ደጋሹ አያልፍም። በድሮው ቤተ መንግሥት አሳላፊውም ለጌታው ከማቅረቡ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ የእሱ ግን ጣዕም ፍለጋ ሳይሆን መርዝ ፍራቻ ነው።

ወደ ማሩ እንምጣ። በምዕራብ ጎጃም ማር የሚቆረጥበት ወቅት ሁለት ነው። ዋናው ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው በአደይ አበባ፣ በመጭና በኑግ ቢጫ ከለበሰ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሁለተኛው የበልጉን ዝናብ ተከትሎ ብሳና ሲያብብ ይመጣና በግንቦትና በሰኔ ይቆረጣል። የጥቅምቱ ማር ወደ ቢጫ ያደላል፣ ቶሎም ይረጋል። ገበያ ላይ የረጋ ማር ያየ ሸማች ስኳር የተደባለቀበት ይመስለውና ፊቱን ያዞራል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከሁለቱ የማር ስኳሮች ግሉኮሱ በርከት ሲል ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ ብርድ ሲጨመርበትማ ይፈጥናል። ለጠጅ ደግሞ መርጋቱ ጉዳት የለውም፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የሰኔው የብሳና ማር ጠቆር ይላል፤ ከእሱ የተጣለ ጠጅም መልኩ ከቢጫነት ወደ ቀይ ዳማ ይሄዳል።

አንድ አበባ ግን ብዙ ጠጅ ጣዮችን ያለ ጥፋታቸው አሳምቷል፤ ግራዋ። ግራዋ በበዛበት ሰፈር ንብ የምትሠራው ማር ጥቁርና መራራ ነው። ጠጁም ሲመር ጠጪው «ጌሾ አበዛችበት» ብሎ ይፈርዳል። ማወቂያው መራራው የሚገኝበት ቦታ ነው። የጌሾ ምሬት ከዋጡ በኋላ ጉሮሮ ላይ ይመጣል፣ ቅጠል ቅጠል የሚል ሽታም አለው። የማሩ ምሬት ግን ገና ምላስ ላይ ሳለ ከጣፋጩ ጋር አብሮ ይሰማል። ይህን የሚለይ ሰው ካጋጠመዎት፣ ቀማሽ አግኝተዋል ማለት ነው።

የትግራይ ነጭ ማርና የሸካ የገተም ዛፍ ማር በስማቸው ተጠርተው በስማቸው ይሸጣሉ። የጎጃሙ ግን ብዙውን ጊዜ ከብዙ ሰው ቀፎ ተሰብስቦ፣ ጥቅምቱ ከሰኔው ተደባልቆ ነው ጠጅ ቤት የሚደርሰው። ይህን እንደ ትልቅ ብክነት አየዋለሁ። በፈረንሳይ ቡርጎኝ የወይን ጠርሙስ ላይ የማሳው ስም፣ የአምራቹ ስምና የተለቀመበት ዓመት ይጻፋል፤ አንድ አጥር የለያቸው ሁለት ማሳዎች በተለያየ ስምና ዋጋ ይሸጣሉ። ሰከላና ወንበርማ፣ አንዱ ብርዳም ደጋ ሌላው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ያለው ወረዳ፣ ማራቸው አንድ ጋን ውስጥ ሲገባ ግን ጉዳዬ የሚል የለም።

ጠጅ ጣይ የጠራ ማር አትወድም። ከነሰፈፉ፣ ንቧ ካከማቸችው የአበባ ብናኝ ጋር ያለውን ትመርጣለች፤ ምርጫዋም ልማድ ብቻ አይደለም። ንጹሕ ማር ስኳር እንጂ ናይትሮጅን እምብዛም የለውም፤ እርሾ ደግሞ ያለ ናይትሮጅን ይሰንፋል። ብናኙ ለእርሾው ስንቅ ነው። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል፤ በወይራ በታጠነ ጋን ተከድኖ ጥቂት ቀን ካደረ በኋላ ጌሾው ይገባበታል። ለጠላ የጌሾ ቅጠል ሲሆን ለጠጅ በተለይ እንጨቱ ነው የሚፈለገው። በፋብሪካ የተሠራ እርሾ የሚጨምር የለም፤ ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ሥራው የአየሩ ነው። ሞቅ ባለ ቆላ በሳምንት ገደማ የሚደርስ ጠጅ፣ ደጋ ዳሞትን በመሰለ ብርዳም አገር ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈልጋል። ቀስ ብሎ የፈላው ጠጅ የማሩን ሽታ ይበልጥ ያስቀራል፤ ለዚህ ነው እኔ የደጋውን የማስበልጠው።

ስለ ውሃው ብዙ የምለው የለኝም፤ የምንጭ ውሃ ይመረጣል። ነገር ግን ሰከላ ከተነሣ አይቀር፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ኅዳር መግቢያ ላይ እዚያው ሰከላ ካለው የግሽ ዓባይ ምንጭ ደርሶ፣ በኮኮናት ዋንጫ የምንጩን ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጥቷል። ልክ ማር በሚቆረጥበት ሰሞን ጎጃም መጥቶ በውሃ ጽዋ ማንሣት!

አሁን ብርሌውን እናንሣ። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን ነው፤ የኬሚስትሪ ክፍል ብልቃጥ ይመስላል። ዝንብ እንዳይገባ፣ አረፋው እንዳይፈስ፣ አፉም በአውራ ጣት እንዲከደን የሚመች ዕቃ ነው። ለመጠጣት ግሩም ነው፤ መቅመስን ግን ይከለክላል። አፍንጫ አንገቱን አልፎ አይገባም፣ የጠጅ ግማሽ ምስጢር ደግሞ ሽታው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀማሹ ከብርሌው ሁለት ጉንጭ ያህል ወደ ሰፊ ብርጭቆ ይገለብጥና ያወዛውዘዋል፤ አረፋው እስኪበርድም ይጠብቃል።

መጀመሪያ መልኩ ነው፤ እሱ ግን ብዙ ያታልላል። ደፍረስ ማለት ነውር አይደለም፣ ጠጅ ሳይጣራ ስለሚቀርብ እርሾው ውስጡ አለ። ይልቅ የሚያሳስበው ያለ ልክ የበራ ቢጫ ነው፤ እንደዚያ ያለው ከማር ሳይሆን ከቀለም ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሽታ። ማርና አበባ ከሸተተ መልካም ነው። ኮምጣጤ ከሸተተ ጋኑ አየር ገብቶበት ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ አሲድ መቀየር ጀምሯል ማለት ነው፤ መመለሻም የለውም። ጭስ ከሸተተ ሁለት ምንጭ አለው። የወይራው ጭስ ደስ የሚልና ቀላል ነው። ማር ቆራጩ ንቡን ሲያባርር ያበዛው ጭስ ግን ከማሩ ጋር ጋን ድረስ ይከተላል፤ አፍ ውስጥም የከሰል ጣዕም ይተዋል።

ከዚያ መቅመስ። በውጭ አገር የወይን ቀማሽ አፉ ውስጥ አንከባሎ ይተፋዋል፤ እኛ ጋ ጠጅ መትፋት ባለቤቷን መስደብ ስለሚሆን ጉንጩን አሳንሶ መዋጥ ነው መላው። ጥሩ ጠጅ መጀመሪያ ማሩን ያሳያል፣ መሀል ላይ ኮምጠጥ ብሎ አፍን ያነቃል፣ መጨረሻ ላይ ጌሾው ጣፋጩን ይዘጋዋል። ስኳር የተጨመረበት ጠጅ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ጣፋጭነቱ ወዲያው ይመጣና ወዲያው ይጠፋል፤ ከዋጡት በኋላ አበባም ማርም የሚል ነገር አይቀርም። ጌሾው የበዛበትም ቢሆን ጥርጣሬ ያጭርብኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ጌሾ የሚበዛው ማር ያነሰበትን ለመሸፈን ነውና።

አንድ የአካባቢው ማስጠንቀቂያም አለ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው። በዚያ በርበሬ የተሠራ ወጥ የበላ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ጠጅ ላይ ዳኛ ባይሆን ይሻላል፤ ቅመሻው ከምሳ በፊት ይሁን።

ጥንካሬ የጥራት ምልክት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። የአዲስ አበባ ጠጅ ቤቶችን ናሙና የመረመሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአልኮሉ መጠን ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ ከ20 በመቶ በላይ ድረስ ሲለያይ አግኝተዋል፤ ልዩነቱ ከቤት ቤት ብቻ ሳይሆን በአንዱ ቤት ውስጥም ይታያል። «ደረቅ» ተብሎ የተጠራ ጠጅ ዛሬና በሳምንቱ አንድ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ጥንካሬን ብቻ ይዞ ይህ ጠጅ ቤት ከዚያ ይበልጣል የሚል ሰው ፍርዱ የዚያን ቀን ፍርድ ነው።

ስም ራሱ ምላስን ያሳስታል። በ1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞች ስያሜው ተሸፍኖባቸው ወይን ሲቀምሱ፣ ከነጩም ከቀዩም አንደኛ የወጣው ከካሊፎርኒያ የመጣው ሆነ። ጠጅም ላይ ይኸው ይሠራል። ሦስት ብርሌ ይቅረብ፤ አንዱ የጥቅምት ማር፣ አንዱ የሰኔ፣ አንዱ ከገበያ የተገዛ ድብልቅ። ውሃው፣ ጌሾውና የቆዩበት ቀን አንድ ይሁን፤ የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ቀጂው ብቻ ይሁን። የመጠጥ ቤት ክርክር በዚህ ግማሹ ያልቃል።

ጠጅ ቤት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ሊጀመር ይችላል።

«እትዬ፣ ማሩ የመቼ ነው?»

«የጥቅምት ነው ልጄ፣ ከነሰፈፉ የገዛሁት።»

እንዲህ የመለሰች ጠጅ ጣይ ብዙውን ጊዜ ብርዝም አይታጣባትም፤ እሱን ቀድሞ መጠየቅ ነው። ብርዝ ጌሾ ያልገባበት፣ ገና ያልፈላ የማር ውሃ ስለሆነ ልጆችም ይጠጡታል፣ አልኮል የማይነካ ሰውም እንደዚሁ። ጠጅ ለሚቀምስ ሰው ደግሞ አበባውን ሳይሸፋፈን የሚያሳየው እሱ ነው። ብርዙ ላይ ያገኙትን ሽታ ከዚያው ማር በተጣለው ጠጅ ውስጥ ይፈልጉት፤ ከጠፋ፣ የጠፋው በጌሾ ነው ወይስ በጭስ፣ ወይስ በኮምጣጤ፣ መልሱ ብርጭቆው ውስጥ አለ።