ከጥንት ምድጃ ዳር የተገኘ አጥንት ምን ይናገራል?

ጽሑፍ ከመፈጠሩ በፊት የኖሩ ሰዎች ስለ ኑሯቸው ጽፈው ያቆዩት ነገር የለም። በልተው የጣሉት አጥንት ግን ምን ይመገቡ፣ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ይናገራል።

በአጥንት ላይ የሚታይ ቀጭን የስለት ጭረት ሥጋው በሰው እጅ መበለቱን ያመለክታል። የጥርስ ምልክት ከሆነ ደግሞ ጅብ ወይም ሌላ አውሬ እንደጋጠው ይታወቃል። ገበሬ የበሬን ዕድሜ ከጥርሱ እንደሚለይ ሁሉ ተመራማሪዎችም የእንስሳውን ዕድሜ ከጥርሱ ይገምታሉ። በአንድ ጥንታዊ መንደር የተገኙት አጥንቶች በአብዛኛው ያረጁ በሬዎች ከሆኑ፣ በእግራቸው መገጣጠሚያም የጫና ምልክት ከታየ፣ ከብቶቹ ለእርሻ ወይም ለጭነት ይውሉ እንደነበር ይገመታል።

ለዚህ ጥናት ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በባሌ ተራሮች የሚገኘው የፊንጫ ሀበራ የዓለት መጠለያ ነው። መጠለያው ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ 470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 "ሳይንስ" በተሰኘው መጽሔት የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት በሥፍራው ይኖሩ ነበር። ከተገኙት አጥንቶች አብዛኞቹ የግዙፉ ፍልፈል ሲሆኑ፣ የመቃጠል ምልክትም ታይቶባቸዋል። ይህ ፍልፈል ዛሬም በባሌ ተራሮች የሚኖር፣ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ ነው።

ቀደም ሲል ብርዱና የአየሩ መሳሳት የጥንት ሰዎችን ከእንዲህ ያለ ከፍታ እንዳራቃቸው ይታሰብ ነበር። ይሁን እንጂ የተራሮቹ አናት በበረዶ ግግር በተሸፈነበት በዚያ ዘመን ሰዎቹ ፍልፈል እየጠበሱ፣ ከዚያም ከፍ ካለ ሥፍራ ጥቁር ባልጩት እያመጡ መሣሪያ እየሠሩ ኖረዋል።

አጥንት ይህን ሁሉ የሚናገረው ግን ከነአፈሩ፣ ከነአመዱና አብሮት ካለው የድንጋይ መሣሪያ ጋር በቦታው ሲገኝ ነው። የፍልፈሉ አጥንት ከአመዱ ተነጥሎ ቢሆን ኖሮ ማን እንደበላው፣ መቼ እንደተበላም ማወቅ ባዳገተ ነበር።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ቅርሱን እንዲጠብቅ ያዛል። ስለዚህ መሠረት ሲቆፈር፣ እርከን ሲሠራ ወይም ማሳ ሲታረስ ያልተለመደ የአጥንት ክምችት፣ በተለይም ከአመድና ከተጠረበ ድንጋይ ጋር፣ ከተገኘ ቁፋሮውን ማቆም፣ ምንም ሳያነሡ ቦታውን መጠበቅና በአቅራቢያው ለሚገኝ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።