ስሙ ያው ነው፣ እጁ ግን ተቀይሯል
ከአዋሽ ገበያ እስከ ሠመራ፦ የአንድ ቢላ ስም ወዴት እየሄደ ነው?

ያለፈው የዒደል አድሓ ዕለት ነበር። ከሰላት ተመልሰን፣ በጉን ወደ ቂብላ አስተኝተን፣ ቢስሚላህ ብለን ቢላውን ስናሳርፍ ስለቱ አልቆረጠም። ጫን አልን። ጫፉ ታጠፈ። በጉ ተወራጨ፤ ቆመው ይመለከቱ የነበሩት ልጆች ፊታቸውን አዞሩ። ጎረቤታችን ሮጠው የራሳቸውን ቢላ አመጡና ነገሩን በአንድ እጅ ፈጸሙት፤ አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው። እኛ ግን የዚያን ቀን ሥጋው አልዋጥ አለን።

ውድ አንባቢያን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያርድ ሰው ስለቱን እንዲያሰላና እንስሳውን እንዲያሳርፈው ማዘዛቸውን ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስ በመድረሳ ያልቀራ ተማሪ የለም። እኛም ለልጆች ስናስቀራው ኖረናል። ለዚህም ነበር ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሰኞ ገበያ ወርደን በእጀታው ሥር ሦስት ጭረት የተመታበትን ቢላ ፈልገን የገዛነው። ይህ ባለ ሦስት ጭረት ምልክት በአካባቢው የታወቀ ነው። አባታችንም አንድ ነበራቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ አርደውበታል፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በሞረድ ጥቂት ዳሰስ ካደረጉት ፀጉር ይላጭ ነበር። ስለዚህ ብረቱን አልመረመርንም። ምልክቱን አይተን ከፈልን።

ከበዓሉ በኋላ የታጠፈውን ቢላ በጋዜጣ ጠቅልለን ወደ ሻጩ ተመለስን። ሽማግሌ ናቸው። ቢላውን ገልብጠው ምልክቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ «ኡስታዝ፣ ስሙ ያው ነው፤ እጁ ነው የተቀየረው» አሉን።

«እንዴት አባባ?» አልናቸው።

«ባለቤቱ ሞቷል፤ አላህ ይማረው። ልጆቹ የአባታቸውን ሥራ አልያዙም። አንዱ በጅቡቲ መስመር መኪና ይነዳል፣ ሌላው ባሕር ተሻግሯል። ወናፉንም፣ ምልክት መምቻውንም ለነጋዴ ሸጡት። ነጋዴው ቀጥቃጭ አይደለም። ከሌላ ቦታ ያሠራና ምልክቱን ይመታበታል። እኔም የምሸጠው እሱን ነው። ምን ላድርግ ልጄ?»

በሐቅ ለመናገር ተናደድን። ገንዘባችንን ለማስመለስ አስበን ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሳንጠይቃቸው ግማሹን መለሱልን። ይህን የምንጽፈው እርሳቸውን ለመክሰስ አይደለም። ነጋዴውንም በስም አንጠራም። ነገሩ ከአንድ ነጋዴ በላይ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ከአዋሽ እስከ ሠመራ ባለው ሸለቆ ቢላ ተራ ዕቃ አይደለም። የአፋር ወንድ በወገቡ ፊት ለፊት የሚታጠቀው፣ ሁለት አፍ ያለውና እንደ ጨረቃ የጎበጠው ጊሌ ጌጥም መሣሪያም ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 እና 1934 እ.ኤ.አ. አዋሽ ወንዝን ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ ሲወርድ፣ በጊሌው ሰገባ ላይ የሚንጠለጠለው ጠፍር ባለቤቱ ስንት ሰው እንደ ገደለ እንደሚናገር ጽፏል። ይህን የመሰለው ኩራት ዲናችን የማይቀበለው የጃሂሊያ ርዝራዥ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያሻንም። ነገር ግን ጊሌ ከዚያ ሌላም ኑሮ አለው። ጠፍር ይቆርጣል፣ እንጨት ይጠርባል፣ ፍየል ይታረድበታል። ጊሌ የሚሠራው እጅ ደግሞ ለቤት የሚሆነውንም ቢላ ይሠራል።

ታዲያ በዚህ ሸለቆ የአንድ ቀጥቃጭ ስም ያለ ጋዜጣና ያለ ሬዲዮ እንዴት ይታወቃል? በዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው የየመጡበትን አገር ወሬ ሳያጓድሉ ይለዋወጣሉ፤ የሰማውን ያዛባ ወይም የዋሸ ሰው ክብሩን ያጣል። የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የሰላሙ ወሬ በዚህ መንገድ ይሄዳል፤ የየትኛው ሰው ቢላ ስለት እንደሚይዝም እንዲሁ። ባለ ሦስት ጭረቱ ቢላ ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። የሟቹ እጅ የሠራውን ሺህ አንደበት መሰከረለት። ነጋዴው የገዛው ያንን ምስክርነት ነው፤ ሥራውን ግን መግዛት አልቻለም።

ሥራው ምን ነበር? ሽማግሌው እንደ ነገሩን ሟቹ ከባሌስትራ በቀር ሌላ ብረት አይነካም ነበር። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚጥሉት አሮጌ ባሌስትራ በውስጡ በቂ ካርቦን ያለው ብረት ነው። በከሰል እሳት እስኪቀላ ድረስ ግሎ፣ ተቀጥቅጦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ እንደገና ግሎ ዘይት ውስጥ ሲጠልቅ ይጠነክራል። ሆኖም ጥንካሬ ብቻውን ስብራት ያመጣል፤ ስለዚህ ቀጥቃጩ ብረቱን መልሶ በለዘብተኛ እሳት እያሞቀ ገጹ ወደ ገለባ ቀለም እስኪጠጋ ይጠብቃል። ይህችን ቅጽበት የሚያውቃት ዐይን ነው፤ በመጽሐፍ ብቻ አትገኝም። በእኛ ቢላ ላይ የሆነው ደግሞ ግልጽ ነው። ከተራ የግንባታ ብረት ወይም ከላሜራ የተቆረጠ ቢላ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ መቶ ጊዜ ዘይት ውስጥ ቢጠልቅ አይጠነክርም። ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ በመጀመሪያው ቀን ቲማቲም ይቆርጣል፣ በሦስተኛው ይታጠፋል። (ለዐረፋ ቢላ የምትገዙ ቤተሰቦች ትንሽ ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ። ስለቱ ላይ ሞረዱ እያንሸራተተ ካለፈ ብረቱ ጠንክሯል፤ ንክስ አድርጎ ከፋቀው ለስላሳ ነው። ሻጩ ቢቆጣም ግድ የለም።)

ልጆቹ የአባታቸውን ሥራ ለምን ተዉት? ሽማግሌውን ይህን ስንጠይቃቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ማን ሴት ልጁን ለቀጥቃጭ ይሰጣል?» አሉ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። አፄ ምኒልክ ቀጥቃጭንና ሸማኔን የሚሰድበውን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ በየቤታችን አለ። «ጠይብ» ሲባል በአማርኛ ይናቃል፤ ያው ድምፅ በዐረብኛ ጆሮ «መልካም» መሆኑ ግን ይገርማል። ሙስሊሙ ደግሞ ለዚህ ንቀት ምንም ምክንያት የለውም። የአላህ ነቢይ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት የተገራላቸው፣ ጥሩር የሚሠሩ፣ ከእጃቸው ሥራ የሚበሉ ነበሩ። ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) መካ ውስጥ ሰይፍ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ የሠሩበትን ዋጋ የከለከላቸው የቁረይሽ ሹም ነገር በሱረቱ መርየም ተነሥቷል። ከሁሉም በላይ ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ያደገው በማን ቤት ነው? በቀጥቃጩ በአቡ ሰይፍ ቤት፣ ሚስቱ እያጠባችው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸውን ሊያዩ ሲሄዱ ቤቱ በወናፍ ጢስ ተሞልቶ ስለነበር አነስ (ረ.ዐ) ቀድመው ሮጠው አቡ ሰይፍ ወናፉን እንዲያቆም ይነግሩት እንደ ነበር ተዘግቧል። የረሱል ልጅ በጢስ መካከል ሲያድግ ያላፈርን እኛ፣ ከቀጥቃጭ ጋር ለመጋባት እናፍራለን።

የንቀት ዋጋ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደር ማየት ይበቃል። በጎንደር ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን፣ ሴቷ ድስቷን ከቤተ እስራኤል እጅ ስትገዛ ኖራለች፤ በዚያው ልክ ቡዳ እያለች ስትሸሻቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም ብቻ ከ14,000 በላይ የሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ግን የመንደሩ ስም ለጎብኚ መሸጫ ሆኖ ቀረ። ስሙ ቆየ፣ እጁ ሄደ።

በሠለጠነው ዓለምስ? ሽሬድ የሚባል የአሜሪካ ቢላ ነበር። ወንድማማቾች በ1904 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት የመሠረቱት ድርጅት የገበሬና የአዳኝ ኪስ የማይለየው ቢላ ሲሠራ ቆይቶ፣ ልክ በመቶኛ ዓመቱ በ2004 ፋብሪካው ተዘጋ። ሠራተኛው ተበተነ፤ ስሙን በቴነሲ የሚገኝ ሌላ ድርጅት ገዛና ቢላውን ቻይና ማሠራት ጀመረ። በ2016 ደግሞ ስሙ እንደገና ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ። ቻይና ጥሩ ቢላ አይሠራም ማለታችን አይደለም፤ ላዘዘው በዋጋው ልክ ይሠራል። ገዢው ግን የከፈለው አባቱ ለሚያውቀው ስም ነበር።

የጀርመኗ ሶሊንገን ሌላ መንገድ መረጠች። ያች ከተማ ለእኛም እንግዳ አይደለችም፤ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው ጎራዴዎች በንጉሡ ዘመን ከዚያ ይመጡልን ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ፣ በኋላም በ1994 በወጣ ደንብ፣ ዋና ዋናው ሥራ በሶሊንገን አካባቢ ያልተሠራ ቢላ የሶሊንገንን ስም መያዝ አይችልም። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ስሙ ከቦታውና ከእጁ አይለይም።

የሸሪዓው ፍርድስ? በዚህ ጉዳይ የዘመናችን ዑለማዎች ዝም አላሉም። በታኅሣሥ 1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ 5ኛ ጉባኤ፣ የንግድ ስምና ምልክት ዋጋ ያለው የባለቤቱ ሐቅ መሆኑንና በገንዘብም ሊተላለፍ እንደሚችል ወስኗል፤ ነገር ግን ማታለልና ማጭበርበር እንዳይኖርበት የሚል ሸርጥ አኑሮ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ምልክቱን መሸጣቸው፣ ነጋዴውም መግዛቱ በራሱ ሐራም ነው አንልም። ችግሩ በባሌስትራ የታወቀውን ምልክት ለስላሳ ብረት ላይ መምታቱ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥቡን ያወጡበት ታሪክ ከዚህ በምን ይለያል? ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ።

ነጋዴውንም አግኝተን አነጋግረናል። ትሑት ሰው ነው። «ባሌስትራ ተወደደ። ደግሞ ገዢው ርካሽ ይፈልጋል። አንድ ጥሩ ቢላ የሚሠራበት ቀን ሃያ ቢላ አስቆርጣለሁ» አለን። ምልክቱን ተወውና በራስህ ስም ሽጥ አልነው። ሳቀ። «በእኔ ስም ማን ይገዛኛል?» አለ። መልሱ ሐቀኛ ነበር፤ ሳያውቀው ፈረደ።

በዚህ መካከል ሟቹ ቀጥቃጭ የልጅ ልጅ እንዳላቸውና ሠመራ ብየዳ እንደሚማር ሰማን። ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው መሄዳችን ስለነበር በገዋኔና በሚሌ አድርገን ሎግያን አልፈን ሠመራ ገባን። ሠመራ ከአዋሽ ጋር አትመሳሰልም። አዋሽ የአሮጌው ባቡር ልጅ ናት፤ ሠመራ ደግሞ ከአሳይታ የክልሉን ዋና ከተማነት የተረከበች፣ ቢሮና ዩኒቨርሲቲ የሞላባት አዲስ ከተማ ናት። ሙቀታቸው ብቻ ይመሳሰላል።

ልጁ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ከዐስር ሰላት በኋላ መስጊድ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የታጠፈውን ቢላችንን አሳየነው። እንደ ሽማግሌው ምልክቱን አልዳሰሰም፤ ብረቱን በጥፍሩ መትቶ አዳመጠ። «ይህ የአያቴ አይደለም» አለ። አያቱ ወናፍ እያስነፋው ያደገ ልጅ ነው። ዘይቱንና እሳቱን ያስታውሳል፤ የገለባዋን ቀለም ግን በትክክል አይቻት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም። ባሌስትራ እንደሚያገኝ፣ የመፍጫ ማሽንም ከትምህርት ቤት እንደሚዋስ ነገረን። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። በአያቱ ምልክት ቢሠራ ሌባ ይባላል፤ ያለ ምልክቱ ቢሠራ ማንም አይገዛውም።

የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ብዙ ሰዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን የወል ምልክት እንደሚያስመዘግብ ነገርነው። ሀገራችን የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም ይዛ ተከራክራ በ2007 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ስታርባክስ ጋር እንደተስማማችም ጨመርንለት። የሸለቆው ቀጥቃጮች ከባሌስትራ የተሠራ፣ በአግባቡ የጠነከረ ቢላ ላይ ብቻ የሚመታ አንድ ምልክት ለምን አይኖራቸውም? ወጣቱ በትዕግሥት አዳመጠንና፣ «ኡስታዝ፣ ሰነዱ መልካም ነው፤ መጀመሪያ ግን ቢላው ይሠራ» አለን። አፈርን፤ ልክ ነው።

ስንለያይ የታጠፈውን ቢላ እንድንተውለት ጠየቀን። ምን ያደርግልሃል ብንለው፣ አጠገቡ አስቀምጦ እያየ ሊሠራ መሆኑን ነገረን። ለሚቀጥለው ዐረፋ አንድ ቢላ፣ ምልክት የሌለው፣ ሊልክልን ቃል ገብቷል። ዋጋውንም በዚያው ቆረጥን፤ ከገበያው እጥፍ ነው። ግማሹን ከፍለናል።