ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለባቸው ሰዎች፦ የፕላትሌት ቁጥርዎ ዝቅ ሲል

መድኃኒትዎን በየቀኑ ይወስዳሉ። የቫይረሱ መጠንም በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሷል። እንዲህ እያለ ሐኪምዎ «ፕላትሌትዎ ዝቅ ብሏል» ቢልዎት ሊደነግጡ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ በኦስሎ ለሚታከሙና እንዲህ ለተነገራቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ፦ ከሐኪምዎ ጋር ሳይነጋገሩ የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን አያቋርጡ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ፕላትሌት በአጥንት መቅኒ ውስጥ የሚሠራ፣ ስንቆስል ደም እንዲረጋ የሚያደርግ የደም ክፍል ነው። ችግሩ ከተለመደው የደም ማነስ የተለየ ስለሆነ የብረት እንክብል በመውሰድ አይስተካከልም። በኖርዌይ የውጤት ወረቀት ላይ «ትሮምቦሲተር» በሚለው መስመር ያገኙታል። ጤናማው መጠን በግምት ከ150 እስከ 400 ነው። አገር ቤት 150,000 ተብሎ የተጻፈልዎት ቁጥር እዚህ 150 ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ «120» የሚል ሲያዩ ፕላትሌትዎ ያለቀ አይምሰልዎ።

ከ50 በላይ ከሆነ ብዙ ሰዎች ምንም አይሰማቸውም፤ ብዙውን ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃል። ከ30 በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሕክምና ስለመጀመር ያስባሉ። ከ10 በታች ከሆነ ሳይቆስሉም ሊደሙ ስለሚችሉ አስቸኳይ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፕላትሌቶቹ በናሙናው ቱቦ ውስጥ ተጣብቀው ማሽኑ አሳንሶ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ምርመራው በሌላ ዓይነት ቱቦ ሊደገም ይችላል።

ለምን ይቀንሳል?

ሕክምና ባልጀመረ ሰው ላይ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ ራሱ ኤች አይ ቪ ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ፕላትሌቶችን ያጠፋል፤ መቅኒውም በበቂ መጠን አያመርትም። መድኃኒት ሲጀመር ቁጥሩ በብዙዎች ላይ ይጨምራል። «መድኃኒቱ ነው ደሜን የጨረሰው» ብሎ ማቆም ስለዚህ አደገኛ ስሕተት ነው። በ33 አገሮች 5,472 ሰዎች የተሳተፉበት ስማርት የተባለው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ መድኃኒታቸውን እያቋረጡ እንዲወስዱ የተደረጉት ይበልጥ ስለታመሙና ስለሞቱ፣ ማቋረጡ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደርጓል። ለጠበል ብለው መድኃኒት የሚተዉም አሉ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ግን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ1999 ዓ.ም. ተናግረዋል።

ቫይረሱ በቁጥጥር ሥር እያለ ፕላትሌት ከቀነሰ ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። የጉበት ቫይረስ፣ የጉበት ጠባሳ፣ የአልኮል ብዛት፣ እርግዝና፣ ወይም እንደ ባክትሪም ያለ ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የእርስዎ ታሪክ ያስፈልጋል። በመተማ፣ በሁመራ ወይም በዚያ አካባቢ ኖረው ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ሄደው ያውቃሉ? ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ፕላትሌትንም ይቀንሳል። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ላይ ከዓመታት በኋላም ሊነሣ፣ ከታከመ በኋላም ሊያገረሽ ይችላል። በጣና ዙሪያ የሚገኘው ቢልሃርዚያም ጉበትንና ጣፊያን ይጎዳል። ኖርዌይ ውስጥ እነዚህ በሽታዎች ብርቅ ስለሆኑ ሐኪሙ ቶሎ ላያስባቸው ይችላል። ሳይጠየቁም ይንገሩት። ከኢትዮጵያ ተመልሰው ትኩሳት ከያዘዎት ደግሞ ወባ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመሩ።

ምን ልጠንቀቅ?

ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም ኢቡክስና ዲስፕሪል አይውሰዱ። ኢቡክስ በምግብ መደብር ስለሚሸጥ ብቻ ለሁሉም ሰው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱም የፕላትሌትን ሥራ ያውካሉ። ፓራሴት ይሻላል፤ ጉበትዎ የተጎዳ ከሆነ ግን መጠኑን ይጠይቁ። «ዮሐነስዑርት» የተባለው የዕፅዋት መድኃኒት የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ኃይል ስለሚያዳክም አይውሰዱት። ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት ቁጥርዎ ዝቅ ያለ መሆኑን ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ። ፕረድኒሶሎን የሚታዘዝልዎት ከሆነ የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን ስም ያሳዩ፤ አንዳንዶቹ ኃይሉን ከመጠን በላይ ይጨምሩታል። ከዚህ ቀደም የሳንባ ነቀርሳ ይዞዎት ከነበረም ይናገሩ።

የማይቆም ነስር፣ የድድ መድማት፣ ከወትሮው የበዛ የወር አበባ፣ ወይም ሳይመቱ የሚወጣ ብልዝ ካዩ ለሐኪምዎ ይደውሉ። ከቆዳ ሥር የሚወጡት ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች በጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ሆነው ላይታዩ ይችላሉ፤ የአፍዎን ውስጥና ቁርጭምጭሚትዎን በደንብ ይመልከቱ። ሐኪምዎን ካላገኙ በ116117 ለሌጌቫክት ይደውሉ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም ራስዎን ተመትተው ከሆነ 113 ይደውሉ።

ክፍያና ምስጢር

በኖርዌይ የኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምና በነጻ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸውም ጭምር። አስተርጓሚ ማቅረብ የጤና ተቋሙ ግዴታ ነው፤ ልጅዎ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም። አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የአገር ልጅ ያውቀኛል ብለው ከሰጉ በስልክና ስምዎ ሳይጠራ እንዲተረጎምልዎ ይጠይቁ። ይህን ባለማወቅ ቀጠሮዎን አይቅሩ።

የፕላትሌት መቀነስ ብቻውን ኤድስ ደረጃ ደርሰዋል ማለት አይደለም። የቫይረሱ መጠን የማይታይ እስከሆነ ድረስም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፉም።