ጣዝማ፦ ከመሬት በታች የምትኖረው ማር ሠሪ

ጣዝማ በኢትዮጵያ ከመሬት በታች ጎጆዋን የምትሠራ፣ ለመናደፍ የሚያገለግል እሾህ የሌላት ትንሽ ንብ ስትሆን፣ በሳይንሳዊ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ትባላለች። በዓለም ሞቃታማ አካባቢዎች ከሚገኙት ከ500 በላይ የማይናደፉ የንብ ዝርያዎች አንዷ ናት፤ በቀፎ ከምትረባው የማር ንብ ጋር ብትዛመድም አኗኗራቸው እጅግ የተለያየ ነው።

የማር ንብ ማሯን በባለ ስድስት ጎን የሰም እንጀራ ውስጥ ስታከማች፣ ጣዝማ ግን ሰሙን ከዕፅዋት ሙጫ ጋር ለውሳ ትንንሽ ማሰሮዎችን ታበጃለች፤ ማሩንም የአበባ ብናኙንም ለየብቻ በእነዚህ ታኖራለች። እጮች የሚያድጉት ከማሰሮዎቹ በተለየ ስፍራ ሲሆን፣ ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ክፍል በፈሳሽ ምግብ ሞልተው፣ ንግሥቲቱ እንቁላል ከጣለችበት በኋላ ይደፍኑታል። ማሯ ቀጭንና ወደ መኮምጠጥ የሚያደላ ነው፤ ሕዝቡ ለሳልና ለሌሎች ሕመሞች መድኃኒት አድርጎ ስለሚፈልገው ዋጋው ከሌላው ማር በብዙ ይበልጣል።

ይህ ተፈላጊነት ለራሷ ለጣዝማ ጥፋት ሆኗል። ማር ፈላጊው የጎጆዋን ጠባብ መግቢያ ተከትሎ ሲቆፍር፣ ማሰሮዎቹን ከነእጮቹ አፍርሶ ጉድጓዱን ክፍት ይተወዋል። የማር ንብ ቀፎዋ ሲታወክ ንግሥቷን ይዛ ልትሰደድ ትችላለች፤ የጣዝማ ንግሥት ግን እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ እጅግ ስለሚያብጥ መብረር አትችልም፤ ስለዚህ የጎጆው መፍረስ የኅብረ ንቡ ማለቂያ ነው። መራባቷም ቢሆን ፈጣን አይደለም፤ አዲስ ጎጆ የሚመሠረተው ሠራተኞቹ ሰምና ማር ከእናት ጎጆ እያመላለሱ ካደላደሉት በኋላ ስለሆነ፣ አንድ እናት ጎጆ ሲጠፋ ሊወለዱ የነበሩት ጎጆዎችም አብረው ይቀራሉ። ደን መመንጠሩና በአበባ ላይ የሚረጭ የተባይ መድኃኒትም ጉዳቱን ያከፉታል፤ ይሁንና ቁፋሮውን ያህል በቀጥታ የሚገድላት የለም ማለት ይቻላል።

መፍትሔው ማሩን መከልከል ሳይሆን የሚወሰድበትን መንገድ መለወጥ ነው። በሜክሲኮ ዩካታን የሚኖሩት የማያ ሕዝቦች የማይናደፉ ንቦችን ከጥንት ጀምሮ በተቦረቦረ ግንድ ሲያረቡ ኖረዋል። ጣዝማ መሬት ውስጥ የለመደች በመሆኗ ከእነዚያ ይልቅ ታስቸግራለች፤ ከጉድጓድ ወጥታ ወደ ሳጥን ስትዛወር ንግሥቲቱና እጮቹ ሳይጎዱ፣ ጨለማው፣ እርጥበቱና የተረጋጋው ሙቀት ሳይጎድሉባት መሆን አለበት። ይህ ከተሳካ ማሩ የሚቀዳው ከዳር ካሉት ማሰሮዎች ብቻ ሲሆን፣ ለራሷ ምግብ የሚሆናት ተትቶላት ንግሥቲቱ በስፍራዋ እንቁላል መጣሏን ትቀጥላለች።