የበርሜልና የጉድጓድ ምግብ

ቶንጂሩ ጃፓኖች ከአሳማ ሥጋና ከአትክልት የሚሠሩት የሚሶ ሾርባ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በታች ይደርሳል። ስስ ሆኖ የተቆረጠው ሥጋ ጠበስ ይደረግና ካሮት፣ ነጭ ፍጁልና ድንች ተጨምሮበት በውሃ ይንተከተካል። ሚሶው የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ከእሳት ወርዶ ነው፤ በጭልፋ መረቅ ተበጥብጦ ይጨመራል። አብሮ ከተንተከተከ መዓዛው ይጠፋል። ይህን ሾርባ ፈጣን የሚል ሰው ግን የቆጠረው የምድጃውን ጊዜ ብቻ ነው። ሚሶ የተቀቀለ አኩሪ አተር ከጨውና ከኮጂ፣ ማለትም ሩዝ ወይም ገብስ ላይ ካደገ ሻጋታ ጋር ተለውሶ፣ በርሜል ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚብላላ ሊጥ ነው። ሻጋታው የአተሩን ፕሮቲን ሲሰባብር የሚወጣው ግሉታሜት ተራውን ውሃ ወዲያው መረቅ መረቅ እንዲል ያደርገዋል። ኬሚስቱ ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጣዕም ከባሕር አረም ለይቶ ኡማሚ አለው።

በእንሰት አገሯ አንጋጫ ይህ ወራት ጠብቆ በአጭር ጊዜ የማብሰል ስሌት እንግዳ አይደለም። ለዓመታት በጓሮ የቆመው እንሰት ይቆረጣል፤ ሴቶች ግንዱን በቀርከሃ ይፍቃሉ፣ ሥሩን ይከተክታሉ፣ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ቀብረው ድንጋይ ይጭኑበታል። ደጋ ላይ ብርዱ ስላለ መብላላቱ ወራት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ቆጮ ጨምቆ፣ ከትፎና በቅጠል ጠቅልሎ መጋገር የአንድ ማታ ሥራ ነው። እርግጥ ዝምድናው የጣዕም አይደለም፤ ቆጮን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ የሚሶ ዋና ሠራተኛ ግን ሻጋታ ነው። በመልክ ቀረብ የሚለው የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ በሰናፍጭ የሚብላላው የጾም ስልጆ ነው።

ቶንጂሩ አንጋጫ ውስጥ ይሠራ ቢባል «አሳማ አንበላም» የሚለው መቃወሚያ ከባድ ይመስላል፤ ሾርባውን ግን አይነካውም። በጃፓን ሥጋ መብላት ለብዙ ዘመን የተነወረ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ሥጋ መብላቱ በይፋ የተነገረው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። አሳማው እንግዳ፣ ሚሶው ባለቤት ነው ማለት ነው። ኬንቺንጂሩ የተባለው የጃፓን መነኮሳት የአትክልት ሾርባም እስከ ዛሬ ያለ ሥጋ ይሠራል። አኩሪ አተር የቆላ ሰብል ነው የሚለውም መልስ አያጣም፤ ቻይኖች ዶባንጂያንግ የሚባለውን ቅመም ከባቄላ ያብላላሉ፣ ባቄላ ደግሞ የደጋ ሰው አያጣም። እውነተኛው ችግር ኮጂው ነው። ሻጋታው አስፐርጊለስ ኦራይዜ፣ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ለሚያመነጨው አስፐርጊለስ ፍላቨስ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ እህል ላይ በራሱ የበቀለ ሻጋታ አይሆንም፤ ዘሩ ከታመነ አምራች መገዛት አለበት።