የአቀስታን ባና ስም ማን ይጠብቀው?

በወሎ፣ በለጋምቦ ወረዳ ካለው የአቀስታ ገበያ የገዛችሁት ባና (የጠጉር ብርድ ልብስ) በእርግጥ ከለጋምቦ በግ ጠጉር የተሠራ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ሻጩን ከማመን ሌላ መንገድ የለም። የትውልድ ቦታ ስም ጥበቃ፣ ማለትም የቦታው ስም በደንቡ መሠረት እዚያው ለተመረተ ዕቃ ብቻ እንዲውል ማድረግ፣ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ጣሊያኖች በ2009 እ.ኤ.አ. ያደረጉትን እዩ። አረፋማው ወይን ጠጃቸው ፕሮሴኮ ስሙ የወይን ዘር ስም ስለነበር ማንም አገር ተክሎ ስሙን ሊለጥፍ ይችል ነበር። ዘሩን «ግሌራ» አሉት፤ ፕሮሴኮን የቦታ ስም አደረጉት፤ ወሰኑንም ትሪየስት አጠገብ ያለችውን ፕሮሴኮ የምትባል መንደር እስኪያቅፍ ዘረጉት። ብልጠት ነው፣ ግን ሕጋዊ ብልጠት። ገበያው ሲደራ ደግሞ አዲስ ተከላ አገዱ፤ ምርት ከበዛ ዋጋ ይወድቃላ! ሻምፓኝም ከሄክታር የሚለቀመው ወይን ጣሪያ በየዓመቱ ይወሰንለታል፤ ቢያንስ 15 ወር ሳይቆይም አይሸጥም።

እኛ ለይርጋጨፌ፣ ለሐረርና ለሲዳሞ ቡና የመረጥነው የንግድ ምልክትን ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቡና ሻጭ ስታርባክስም የስሞቹን ባለቤትነት ለመቀበል ተስማምቷል። ምልክቱ ስሙን ያስከብራል፣ አመራረቱን ግን አይደነግግም። ለባና እንደ እኔ ደንቡ ይቅደም፦ ጠጉሩ ከየትኞቹ ወረዳዎች ይምጣ? ፈትሉ በእጅ ብቻ ነው? ሰው ሠራሽ ክር የቀላቀለስ ምን ይደረግ? ረቂቁን ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ ይጻፉት፤ ነጋዴው ከቀደማቸው የሚጽፈው ለራሱ ነው።