ማሬ ማርማላታ ሆነ

ከሽንዲ ገበያ የገዛሁትን ማር በማርማላታ ጠርሙስ ሞልቼ ለኢንተርኔት ሽያጭ ፎቶ አነሣሁ። ቅጹ የምርት መለያ ቁጥር ሲጠይቀኝ፣ ጠርሙሱ ላይ ካልተላጠው ወረቀት 13ቱን አሃዝ ገለበጥኩ። ማሬ «የእንጆሪ ማርማላታ» ተብሎ ወጣ! ለካ ቁጥሩ የጠርሙሱ ሳይሆን የውስጡ ዕቃ መታወቂያ ነው። በሰኔ 1966 ዓ.ም. ኦሃዮ ውስጥ አንድ እሽግ ማስቲካ በስካነር ከተሸጠ ወዲህ ሱቆች በስካነር የሚያነቡት ቁጥሩን የያዙትን ጥቋቁር መስመሮች ነው። የፊተኞቹ አሃዞች ቁጥሩ የወጣበትን አገር እንጂ ዕቃው የተመረተበትን አይናገሩም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የመጨረሻዋ አሃዝ ዘበኛ ናት። ከፊቷ ካሉት 12 አሃዞች 1ኛውን፣ 3ኛውን እያላችሁ ደምሩ፤ 2ኛውን፣ 4ኛውን እያላችሁ ደምራችሁ በ3 አባዙ፤ ሁሉም ከእሷ ጋር ተደምሮ ዜሮ ላይ ካልጨረሰ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። ቁጥሩ በመጠንም ስለሚለይ፣ የግማሽ ኪሎና የአንድ ኪሎ ማር የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

እኔ አሁን ጠርሙሶቼን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ወረቀት እየፋቅሁ ነው።